በደጋ ቤት ዓሣ ማኖር

«ዓሣ በመንዝ? ከየት መጥቶ!» ብሎ የሚስቅ አንባቢ እንደሚኖር አልጠራጠርም። በእርግጥ ጓሳ ሲባል በሰው አሳብ የሚመጣው ብርዱ፥ ጉሙ፥ በነፋስ የሚተኛው የጓሳ ሣር፥ በገደሉ አፋፍ የሚግጠው ጭላዳና አይጥ የሚያደባው ቀይ ቀበሮ እንጂ ዓሣ አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፥ በበጋ ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት ምድር፥ ሙቅ ውኃ የሚወድ ዓሣ በተፈጥሮው አይኖርም።

ይሁን እንጂ በጓሳ ጫፍ ላይ ቆመው በክረምት የሚጥለውን ዝናብ በአሳብዎ ይከተሉት። ወደ ምዕራብ የወደቀው ጠብታ በመንዝ ወንዞች ወርዶ ወደ ጀማ ይገባል፤ ጀማም ዓባይን ይቀላቀላል፤ ዓባይም ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ከሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብሎ የወደቀው ጠብታ ግን ገደሉን ወርዶ በይፋት ቆላ በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በአፋር በረሃ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። በአንድ ጋራ ላይ ተወልደው ዳግመኛ የማይገናኙ ሁለት ውኆች ናቸው። በሁለቱም ተፋሰስ ግን አንድ ዓይነት ዓሣ ይገኛል። እርሱም አጥማጆቻችን ቆሮሶ፥ ነጋዴዎች ደግሞ ቲላፒያ የሚሉት ነው።

ቆሮሶ ሲክሊድ ከሚባለው ትልቅ የዓሣ ወገን ነው። በሌላው ዓለም ዓሣ በቤታቸው ማኖር የሚወዱ ሰዎች አጥብቀው ከሚሹዋቸው ዓሦች መካከል የአፍሪካ ሲክሊዶች ይገኛሉ። እኛ ግን የገዛ አገራችንን ሲክሊድ አብዛኛውን ጊዜ የምናውቀው ተጠብሶ በሳሕን ላይ ሲቀርብ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህንን ወገን በመስታወት ቤት፥ ይልቁንም እንደ መንዝ ባለ ብርድ አገር፥ እንዴት ማኖር እንደሚቻል ላስረዳ እሞክራለሁ። ከመነሻው አንድ ነገር እንዲይዙልኝ እለምናለሁ። አኳሪየም ያለው ሰው ከዓሣው ይልቅ የሚጠብቀው ውኃውን ነው። ውኃው ደኅና ከሆነ ዓሣው ራሱን ያውቃል።

ሲክሊዶች እነማን ናቸው?

በምሥራቅ አፍሪካ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ የዚህ ወገን ብዛት የተፈጥሮ ሊቃውንትን ሲያስደንቅ ኖሯል። በማላዊ ሐይቅ ብቻ ከ500 የሚበልጡ ዝርያዎች አሉ፤ በታንጋኒካ ሐይቅ ደግሞ ከ200 በላይ ይቆጠራሉ። ከእነዚህም የሚበዙት ከዚያው ከሐይቃቸው በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። አንዱ ከድንጋይ ላይ አረንጓዴ ሽበት ይግጣል፤ ሁለተኛው አሸዋ እያበጠረ ትል ይለቅማል፤ ሦስተኛው የሌላውን ዓሣ ቅርፊት እየነጠቀ ይበላል። አንድ ሐይቅ ውስጥ እንዳለ ከተማ፥ ለእያንዳንዱ የየራሱ ሙያ አለው ማለት ነው።

የአገራችን ሲክሊዶች በቍጥር ጥቂት ናቸው፤ ታሪካቸው ግን የሚናቅ አይደለም። ቆሮሶ በጣና፥ በዝዋይ፥ በሐዋሳና በጫሞ ይኖራል። የጣናው ቆሮሶ ከሌሎቹ ተለይቶ ስለ ተገኘ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1992 የሐይቁን ስም ይዞ ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ሆኖ ተመዝግቧል። በአዋሽ ተፋሰስ ባሉት ፍል ውኆች የሚኖረውም የራሱ መጠሪያ አለው። በደናክል ምድር ከባሕር ጠለል በታች ባለው በአፍዴራ ጨዋማ ሐይቅ ደግሞ ዳናኪሊያ የሚባል ትንሽ ሲክሊድ ይገኛል። እርሱም በፈረንጆች 1931 ለሳይንስ የታወቀ፥ በስፍራው ብቻ የሚኖር ዓሣ ነው። ይህንን የመሰለውን ብርቅ ዓሣ ግን ማንም ለቤቱ ጌጥ ብሎ ሊያወጣው አይገባም።

ሲክሊድን ከሌላው ዓሣ ይበልጥ ተወዳጅ ያደረገው ጠባዩ ነው። ቆሮሶን ለምሳሌ እንውሰድ። ወንዱ በአሸዋው ላይ በአፉ እየዛቀ እንደ ሳሕን የተጎደጎደ ጎጆ ይሠራል። ሴቲቱ እንቍላሏን ከዚያ ጥላ ወዲያው በአፏ ትሰበስበዋለች። እስኪፈለፈልና ጫጩቶቹም መዋኘት እስኪችሉ ድረስ፥ ይኸውም አሥር ቀን ወይም ሁለት ሳምንት ያህል፥ በአፏ ይዛ ትዞራለች፤ በዚያም ጊዜ እህል አትቀምስም ማለት ይቻላል። ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላም አንዳች ነገር ሲያስደነግጣቸው ተሽቀዳድመው ወደ እናታቸው አፍ ይገባሉ። በመስታወት ፊት ተቀምጦ ይህንን ያየ ተማሪ ስለ እንስሳት የእናትነት ጠባይ ብዙ ገጽ ከማንበብ የበለጠ ይማራል።

ዓሣውን በጌጥነት ማየትም የትናንት ነገር አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1350 ዓመት ገደማ በግብፅ በቴብስ የተሣለ፥ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኝ የነባሙን መቃብር ሥዕል አለ። በዚያ ሥዕል የአንድ ባለጸጋ የአትክልት ስፍራ ይታያል፤ በመካከሉ ኩሬ፥ በኩሬው ውስጥም ቆሮሶዎች ይዋኛሉ። ከእኛ ተራራ የሚወርደው ውኃ በሚደርስበት አገር፥ የእኛው ዓሣ ከሦስት ሺሕ ዓመት በፊት የደጅ ጌጥ ነበር። በመስታወት ዕቃ ውስጥ ዓሣን ማኖር ግን የ19ኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው። ለሕዝብ የሚታይ የመጀመሪያው አኳሪየም በለንደን የእንስሳት ማኖሪያ የተከፈተው በፈረንጆች 1853 ነው።

ከመግዛትዎ በፊት

አንባቢዎቼ ተማሪዎችና በሥራ ዓለም አዲስ የሆኑ የመንግሥት ሠራተኞች ስለሆኑ፥ ስለ ዕቃ ከመናገሬ በፊት ስለ ኑሮአችን ልናገር። ተማሪ በክረምት ወደ ወላጆቹ ይሄዳል። ሠራተኛም የዝውውር ደብዳቤ ሲደርሰው አልጋውንና መጽሐፉን ጭኖ ይነሣል። ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝን ውኃ ግን በአውቶቡስ ጣራ ላይ አይጫንም። ስለዚህ «እኔ ስሄድ ይህን ዓሣ ማን ይረከበኛል?» የሚለውን ጥያቄ አስቀድመው ይመልሱ። በእኔ አሳብ ከግል ክፍል ይልቅ የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ወይም የመሥሪያ ቤት መዝናኛ ክበብ የተሻለ ነው። በዚያ አንዱ ቢሄድ ሌላው ይተካል፤ ወጪውም ለብዙ ሰው ሲካፈል ይቀልላል።

በትንሽ ክብ ጠርሙስ ውስጥ ዓሣ ማኖርን ግን ጨርሰው አያስቡት። እንደዚያ ባለ ዕቃ ውስጥ ያለ ዓሣ በገዛ ሽንቱ ተመርዞ የሚሞት እስረኛ ነው። ብዙ ውኃ ቀስ ብሎ ይበላሻል፥ ቀስ ብሎም ይበርዳል፤ ጥቂት ውኃ ግን በአንድ ሌሊት ይለወጣል። ለጀማሪ ትልቁ ዕቃ ከትንሹ ይቀላል የሚባለው ስለዚህ ነው።

የመስታወት ቤቱ

ርዝመቱ 120፥ ወርዱ 40፥ ቁመቱ 45 ሳንቲሜትር የሆነ ቤት 216 ሊትር ይይዛል። ይህ ለአነስተኞቹ ሲክሊዶች በቂ ነው። 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መስታወት ያስቈርጡና ማዕዘኑን በንጹሕ ሲሊኮን ያስይዙት። ሲሊኮኑ የሻጋታ መከላከያ መድኃኒት የተቀላቀለበት ለመታጠቢያ ቤት የሚሠራው ዓይነት እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ ዓሣ ይገድላልና። ከተሠራ በኋላ አንድ ሳምንት ያድርቁት፤ ከዚያም ከደጅ አስቀምጠው በውኃ ሞልተው ሁለት ቀን ይፈትኑት። በሳሎን ውስጥ ከሚፈስ በደጅ ቢፈስ ይሻላል።

ውኃው ብቻ 216 ኪሎ ስለሚመዝን፥ ድንጋይና መስታወት ሲጨመር ከ250 ኪሎ ያልፋል። ተራ ጠረጴዛ ይህን አይችልም። ብረት በያጅ የሠራው ጠንካራ መቆሚያ ያስፈልጋል። መቆሚያው ላይ የግንበኛ ውኃ ልክ አድርገው ሚዛኑን ያረጋግጡ፤ ከመስታወቱም ሥር ቀጭን ፎም ያንጥፉ። በመስኮት አጠገብ አያስቀምጡት። ቀን ፀሐይ ሲያገኘው ውኃው አረንጓዴ ይሆናል፤ ሌሊትም ብርዱ ቶሎ ይገባበታል።

ድንጋዩና ውኃው

የማላዊና የታንጋኒካ ሲክሊዶች ከባድ፥ ማለት ኖራና ማዕድን የበዛበት ውኃ ይወዳሉ። ፒ.ኤች. በሚባለው መለኪያ 7 መካከለኛ ሲሆን የማላዊ ውኃ ከ8 ገደማ ይጀምራል፤ የታንጋኒካ ደግሞ 9 አካባቢ ይደርሳል። ቆሮሶ ግን በዚህ ነገር አይቸገርም፤ ከለስላሳውም ከከባዱም ይስማማል።

ውኃን ለማክበድ የሚረዳው ድንጋይ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በመንዝ ደጋ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ ውኃውንም አይለውጠውም። ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወርዱ ግን የኖራ ድንጋይ ይገኛል። ሁለቱን ለመለየት ድንጋዩ ላይ ጥቂት አቼቶ ጠብ ያድርጉበት። ኖራ ከሆነ አረፋ እያወጣ ይፍለቀለቃል፤ ጥቁሩ ድንጋይ ዝም ይላል። ለማላዊ ዓሦች ከሁለቱም እየቀላቀሉ፥ ዋሻና መሹለኪያ እየተዉ ይከምሩት። ትልልቆቹን ድንጋዮች መጀመሪያ በመስታወቱ ወለል ፎም ላይ አደላድለው አሸዋውን በኋላ ይጨምሩ። ዓሦቹ አሸዋ መዛቅ ስለሚወዱ፥ ድንጋይ በአሸዋ ላይ ከተሠራ ሥሩ ተቦርቡሮ ይናዳል። አሸዋውም ውኃው ጥርት ብሎ እስኪወርድ ድረስ በባልዲ ይታጠብ።

የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ሊኖረው ስለሚችል አፉ በሰፋ ዕቃ ቀድተው ሁለት ቀን ያሳድሩት፤ እያማሰሉ ቢያሳድሩት ክሎሪኑ ቶሎ ይወጣል። የምንጭ ውኃ ከሆነ በላይኛው በኩል ልብስ የሚታጠብበት ወይም የእርሻ መድኃኒት የሚረጭበት አለመሆኑን ይመልከቱ።

እርሾ ሳይኖር አይጋገርም

አሁን ብዙ ሰው የሚቸኵልበት ስፍራ ደረስን። መስታወቱ ተሞልቷል፤ ውኃው ጠርቷል፤ መብራቱ በርቷል። ዓሣው ግን ገና አይገባም። ለምን ቢሉ፥ ዓሣ በአተነፋፈሱና በሚያወጣው ቆሻሻ አሞኒያ የሚባል መርዝ ወደ ውኃው ይለቃል። በወንዝና በሐይቅ ይህንን መርዝ የሚያነሡ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ። አንደኞቹ አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጣሉ፤ ይህም መርዝ ነው። ሁለተኞቹ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ፤ ይህኛው በመጠኑ ከሆነ ብዙ አይጎዳም። በአዲስ መስታወት ቤት ውስጥ ግን እነዚህ ሠራተኞች ገና አልተቀጠሩም። ይልቁንም ሲክሊዶች በሚወዱት ከባድ ውኃ ውስጥ አሞኒያ መርዝነቱ ይበረታል።

የእናቶቻችንን ቡኮ ያስቡ። ዱቄትና ውኃ ብቻ ቢቀላቀል እንጀራ አይሆንም፤ እርሾ ያስፈልገዋል፤ ቀንም ያስፈልገዋል። የአኳሪየም እርሾ ማጣሪያው ነው። ለጀማሪ የሚሻለው ከአየር ፓምፕ ጋር የተያያዘ የስፖንጅ ማጣሪያ ነው፤ ርካሽ ነው፥ አይበላሽም፥ ጫጩትም አይውጥም። ለዚህ መጠን ሁለት ትልልቅ ስፖንጅ ያድርጉ። ማሞቂያውንም ማጣሪያውንም አስነሥተው፥ ዓሣ የሌለበትን ውኃ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይስጡት። ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣል፤ ባክቴሪያዎቹም ያንን እየበሉ በስፖንጁ ላይ ይራባሉ። ይህ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። የአሞኒያና የናይትራይት መለኪያ ካገኙ ሁለቱም ዜሮ ሲያሳዩ ቤቱ ተሰናድቷል ማለት ነው። መለኪያ ከሌለዎት ስድስቱን ሳምንት ሳያጓድሉ ይጠብቁ፤ ከዚያም በሁለት ዓሣ ብቻ ይጀምሩ።

ስድስት ሳምንት ባዶ ውኃ ሲመግቡ ያየ ጎረቤት ቢስቅ አይፈሩ። የመንዝ ሰዎች ይህን ዓይነቱን ትዕግሥት ከማንም በፊት ያውቁት ነበር። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እንደ ቆየ በሚነገረው በቄሮ ሥርዓት፥ የአስቦና የጌራ ባለመብቶች ጓሳን ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጉት ነበር። ሣሩ እያየ ዓይናቸው፥ የቤታቸው ክዳን እያፈሰሰ እንኳ፥ ጊዜው ሳይደርስ የሚያጭድ ይቀጣል። ሲከፈት ግን ለክዳን፥ ለገመድና ለገሳ የሚሆን ሣር ለሁሉም ይደርስ ነበር። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢፈርስም የአካባቢው ሕዝብ ዛሬ ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ በራሱ ደንብ ያስጠብቀዋል። ሣሩ ዛሬም የቆመው፥ ቀይ ቀበሮውም ዛሬ የሚታየው፥ እጅን መሰብሰብ ሥራ መሆኑን ያወቁ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው።

ሙቀትና አየር በደጋ

በአዳማ ወይም በባሕር ዳር ለሚኖር አንባቢ ይህ ክፍል ብዙም አያስጨንቀውም። በመሐል ሜዳ፥ በደብረ ብርሃን ወይም በሌላ ደጋ ለሚኖር ግን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። ቆሮሶ ውኃው ከ10 ወይም ከ12 ዲግሪ በታች ወርዶ ከቆየ ይሞታል፤ የማላዊ ዓሦች ደግሞ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይፈልጋሉ። ስለዚህ አንድ ትልቅ ማሞቂያ ከማድረግ ሁለት ባለ 150 ወይም ባለ 200 ዋት ማሞቂያ በሁለቱ ጫፍ ያድርጉ። አንዱ ቢበላሽ ሁለተኛው እስኪነጋ ያቆየዋል። የመስታወቱን ጀርባና ጎን በፎም ይሸፍኑ፤ ከላይም የመስታወት ክዳን ያድርጉለት። እጅዎን ወደ ውኃው ከማስገባትዎ በፊት ሁልጊዜ ሶኬቱን ይንቀሉ። የኤሌክትሪክ ገመዱም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ ይምጣ፤ በገመዱ ላይ የወረደ ጠብታ ወደ ሶኬቱ ሳይገባ ከዚያ ይንጠባጠባል።

ብዙ የውጭ አገር መጻሕፍት የማይነግሩን ሌላ ጉዳይ አለ፤ እርሱም አየር ነው። በባሕር ጠለል 25 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሊትር ውኃ 8 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጂን ሊይዝ ይችላል። ከ3000 ሜትር በላይ ባለ ስፍራ አየሩ ስለሚሳሳ ያው ውኃ የሚይዘው ከ5 ተኩል እምብዛም አይበልጥም። በሰው ዘንድ ከቆላ የመጣ እንግዳ ዳገት ሲወጣ እንደሚያለከልከው ሁሉ ዓሣም በደጋ ውኃ ያለከልካል። መድኃኒቱ ሦስት ነው። ሙቀቱን ከሚፈቀደው ዝቅተኛ መጠን፥ ማለት 24 ዲግሪ ገደማ ማድረግ፤ የፓምፑ አረፋ የውኃውን ገጽ ሌትና ቀን እንዲያናውጠው ማድረግ፤ ከሁሉም በላይ መጽሐፉ ከሚፈቅደው የዓሣ ቍጥር ሲሶውን መቀነስ ነው።

መብራት ሲጠፋ አይደንግጡ፤ ዓሣ አይመግቡ እንጂ። የመንዝ ባና ካለዎት መስታወቱን ዙሪያውን ይጠቅልሉት፤ ከበግ ጠጕር የተሠራው ባና ለሰው የሚያደርገውን ለዓሣም ያደርጋል። ብዙ ሰዓት ከቆየ የሞቀ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ አድርገው ክዳኑን አጥብቀው ያንሳፉበት። በየሩብ ሰዓቱም በኩባያ ውኃ እየጨለፉ ከከፍታ መልሰው ያፍስሱበት፤ አየር የሚገባው እንዲህ ነው።

የትኛው ዓሣ? ስንትስ?

ለዚህ መስታወት ቤት ሁለት መንገድ አለ። ሁለቱን ግን በአንድነት አይሞክሩ።

የመጀመሪያው የማላዊ ድንጋይ ለድንጋይ የሚኖሩት፥ የአገሩ ሰዎች ምቡና የሚሏቸው ናቸው። ከእነርሱ መካከል ለጀማሪ የሚመረጠው ቢጫው ላቢዶክሮሚስ ነው። 10 ሳንቲሜትር ገደማ ያድጋል፤ ከዘመዶቹም ይልቅ ጠበኛነቱ ያነሰ ነው። በቆላ 12 ማኖር ቢቻል በደጋ 8 ያድርጉ፤ ሁለት ወንድ፥ ስድስት ሴት ቢሆኑ መልካም ነው። ወንዶቹ ብዙ ከሆኑ ግዛት ሲካፈሉ አንዱ ሌላውን እያሳደደ ይገድለዋል። ገና ጫጩት ሳሉ ወንድና ሴቱን መለየት ስለሚያስቸግር፥ አድገው ጠበኛው ሲታወቅ ትርፉን ወንድ ለሌላ ይስጡ።

ሁለተኛው መንገድ የራሳችን ቆሮሶ ነው፤ ለትምህርት ቤት እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። የዓሣ ጫጩት የሚያራቡ የምርምር ማዕከሎች በሰበታና በባሕር ዳር አሉ፤ በግላቸው የዓሣ ኩሬ ያላቸው ገበሬዎችም ይገኛሉ። ነገር ግን ቆሮሶ በሐይቅ ውስጥ ከክንድ የማያንስ ሊሆን የሚችል ዓሣ መሆኑን አይርሱ። በዚህ ቤት የሚኖረው በልጅነቱ ብቻ ነው። 5 ሳንቲሜትር የሆኑ አምስት ጫጩቶች ይያዙ፤ ከ12 እስከ 15 ሳንቲሜትር ሲደርሱ ወደ መጡበት ኩሬ የሚመለሱበትን መንገድ ከባለኩሬው ጋር አስቀድመው ይስማሙ። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ እንደሚገባ አዲስ ጫጩት ይገባል።

ዓሣው ሲመጣ ከነላስቲኩ በመስታወቱ ውኃ ላይ ግማሽ ሰዓት ያንሳፉት፤ ሙቀቱ ይተካከላል። ከዚያም በየጥቂት ደቂቃው አንድ አንድ ኩባያ ከአዲሱ ውኃ ወደ ላስቲኩ ይጨምሩ። በመጨረሻ ዓሣውን በመረብ አውጥተው ያስገቡት፤ የላስቲኩን ውኃ ግን ይድፉት።

ምግብና ጽዳት

ብዙ ዓሣ የሚሞተው በረኃብ ሳይሆን በጥጋብ ነው። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፥ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ይስጡ። ቆሮሶና ብዙዎቹ ምቡናዎች ቅጠል የሚወዱ ስለሆኑ በፈላ ውኃ ነከር የተደረገ ጎመን ወይም ቆስጣ ያለ ጨው ሊሰጣቸው ይችላል። ሥጋና የእንጀራ ፍርፋሪ ግን አይስማማቸውም፤ ውኃውንም ያበላሻል። በሳምንት አንድ ቀን ቢጾሙ ደግሞ ይጠቅማቸዋል እንጂ አይጎዳቸውም።

በየሳምንቱ የውኃውን አንድ አራተኛ በቀጭን ጎማ ከሥሩ ቆሻሻውን እየጎተቱ ያውጡና አድሮ በሞቀ ውኃ ይተኩ። የወጣው ውኃ ናይትሬት ስላለበት ለጎመን መደብ ጥሩ ማዳበሪያ ነው። ስፖንጁን በወር አንድ ጊዜ፥ ሁለቱን ግን በየተራ፥ ከመስታወቱ በወጣው ውኃ ውስጥ ጭምቅ ጭምቅ ያድርጉት። በቧንቧ ውኃና በሳሙና ያጠቡት ዕለት እርሾውን ደፉት ማለት ነው፤ ስድስቱም ሳምንት እንደ ገና ይጀምራል።

ወደ ወንዝ አይለቀቅም

ዝውውር የመጣበት ወይም ዓሣው የበዛበት ሰው «እግዜር ይወቀው» ብሎ ወደ አካባቢው ወንዝ ወይም ግድብ ሊለቀው ያስብ ይሆናል። ይህ ደግነት የሚመስል ጥፋት ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ የሆነውን ያስታውሱ። በፈረንጆች 1950ዎቹ ውስጥ፥ በእኛ አባያና ጫሞ በተፈጥሮው የሚኖረው ናይል ፐርች የተባለው ትልቅ ዓሣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ተለቀቀ። በ1980ዎቹ እጅግ ተባዝቶ የሐይቁን ትንንሽ ሲክሊዶች ፈጃቸው። በዚህና በሐይቁ መበከል ምክንያት 200 ያህል ዝርያዎች እንደጠፉ ይገመታል። የጠፋውንም የሚመልስ ገንዘብም ሊቅም የለም።

በመግቢያዬ ያነሣኋቸውን ሁለቱን ጠብታዎች እዚህ ላይ ያስቡልኝ። ከመንዝ የሚለቀቅ ማንኛውም ነገር ወይ ወደ ዓባይ ወይ ወደ አዋሽ ይወርዳል። የማላዊው ዓሣ በደጋው ብርድ ቢሞት እንኳ በላዩ ያለው በሽታ ከውኃው ጋር ቆላ ሊደርስ ይችላል። ከአንዱ ተፋሰስ ተወስዶ በሌላው የተለቀቀ ቆሮሶም፥ ተፈጥሮ በረዥም ዘመን የለያያቸውን ሁለት ወገኖች ደባልቆ ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ የበዛውን ዓሣ ለሌላ ባለመስታወት ይስጡ፤ ወይም ወደ ባለኩሬው ይመልሱ።

ለሌላ ባለመስታወት ሲሰጡ ግን ዓሣውን ብቻ አይስጡ። ከሁለቱ ስፖንጅ አንዱን በመስታወትዎ ውኃ እንደ ረጠበ በላስቲክ አድርገው ይላኩለት፤ ለራስዎም አዲስ ይተኩ። የእርስዎ ባክቴሪያዎች በአዲሱ ቤት ወዲያው ሥራ ስለሚጀምሩ ስድስቱ ሳምንት ወደ ጥቂት ቀን ያጥራል። ቡኮ የምታቦካ ጎረቤት እርሾ ስትለምን ከቤት ወጥቶ እንደሚሰጣት ሁሉ፥ ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው እንዲህ ሲተላለፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከመሐል ሜዳ እስከ መርሐቤቴ ቆላ ድረስ ተማሪ ሁሉ ቆሮሶን ተጠብሶ ብቻ ሳይሆን ልጆቹን በአፉ ሲጠብቅ ያየዋል።